በዝግታ ሲወቀጥ

እናቴ ምት አትሰማም የሚሉ ሁሉ ተሳስተዋል። ጓዳ ሆና ጎረቤት ሁለት ሴቶች ሲወቅጡ ትሰማና «አንደኛዋ ክንዷ ዝሏል፤ አሁን ትስታለች» ትለኛለች። እውነትም ወዲያው ትስታለች። ችግሩ እሷው ዘነዘና ስትይዝ ነው። መጀመሪያ በልኩ ታወርዳለች፤ ከዚያ ቀልቧ ይሄዳል። ከልጅነቷ ጀምሮ እንዲህ ናት አሉ። ወጥ ጥዳ ጎረቤት ትቀራለች፤ ወሬም ስታወራ ጀምራ የተወችው ከጨረሰችው ይበልጣል።

ወንድሜ ለብሔራዊ ውትድርና ወደ ሰሜን ሄዶ ነበር። የሮቢት ቀበሌ ሴቶቹን ለግንባር ስንቅ የበሶ ገብስ በግቢው ሲያስወቅጥ፣ እናቴ ማንም ሳይጠራት እኔን አስከትላ ቀድማ ሄደች። እጇ ያለበት በሶ ለልጇ እንዲደርስ ነበር የፈለገችው፤ ሌላ ምንም አይደለም።

የሚወቀጠው ግን ሁለት ሁለት እየተሆነ ነው፤ በአንድ ሙቀጫ፣ አንዷ ስታነሳ ሌላዋ እየጣለች። የእናቴ ጥንድ የሆነችው ሴት ብዙም ሳትቆይ ዘነዘናዋን አስቀመጠች።

«እትዬ፣ ጣቴን ሊጨፈልቁት ነው እንዴ?»

አጠገቧ ያለችው ሳቀች። «እሳቸው የነገውን ነው የሚወቅጡት።»

የሴቶች ማኅበሩ ሊቀመንበር ግን አልሳቀችም። «ይሄ ነገር አሻጥር ነው የሚመስለው። ውሃ ይቅዱ እርስዎ።»

«ልጄ እኮ እዚያ ነው» አለች እናቴ፣ ዘነዘናውን አቅፋ።

«የሁላችንም ልጅ እዚያ ነው።»

ቤት እንደገባን የእኛን ሙቀጫ ጥላ ስር ጎትቼ «ነይ» አልኳት። ሞከርን፤ ሳተች።

«ምን እየሆንሽ ነው እማዬ?»

«ያንቺ እስኪወርድ ያለችው ክፍተት ናት የምትወስደኝ። በዚያች መሀል መኪና ይመጣል፣ ፍየል ይመጣል፣ ወንድምሽ ይመጣል።»

«እንግዲያው ክፍተቷን እናጥፋት።»

አፈጠንኩት። ትንፋሽ እስኪያጥረን አፈጠንኩት። እናቴ አንዴም አልሳተች። በዚያ ሙቀት ላቡ ዓይኗ ውስጥ እየገባ ትስቅ ነበር፤ እኔም እስቃለሁ። በዚያ ዓመት ስትስቅ ያየኋት ያኔ ብቻ ነው።

በማግስቱ ሊቀመንበሯን ለምኜ የእናቴ ጥንድ ሆንኩ፤ እንደ ትናንቱ አፈጠንነው። ገብሳችን ከሁሉ ቀድሞ ከገለባው እየወጣ ሳለ ከአውራጃ እንግዶች መጡ። ሊቀመንበሯ እያጨበጨበች፣ ዘፈን እያወጣች መሀል ገባች። «ሁሉም ሙቀጫ እኩል። በዝግታ፣ ከዘፈኑ ጋር።»

ግቢው በሙሉ አንድ ላይ ከፍ፣ አንድ ላይ ዝቅ ማለት ጀመረ። ያምር ነበር፣ አልዋሽም። እናቴን ሳያት ዓይኗ ከአጥሩ ወዲያ፣ ወደ ሰሜን በሚሄደው አስፋልት ላይ ነው። «እማዬ» አልኩ። ዘነዘናዋ ከእኔው ጋር ወረደና ጣቴን ከራሴ ዘነዘና ጋር አጣበቀው።

ደሙ ገብሱ ላይ ነጠበ። ሊቀመንበሯ ለእንግዶቹ ፈገግ እንዳለች፣ ሙቀጫው አጥር ጥግ እንዲደፋ በአገጯ አሳየች። ዶሮዎች ተሯሯጡበት። እናቴ ጣቴን በሻሿ ካሰረች በኋላ ዶሮዎቹን «እሽ» ብላ ቁጢጥ አለች። ደም ያልነካውን ፍሬ እየለቀመች በመቀነቷ ጫፍ መቋጠር ጀመረች። ከኋላዋ ዘፈኑ ቀጥሏል፤ እሷ ግን ዞር አላለችም።

«ለወንድምሽ ማን ይወስድልኛል?» አለችኝ፣ ቀና ሳትል።

«የሚሄድ ሰው እንጠይቃለን።»

አጠገቧ ቁጭ ብዬ በደህናው እጄ መልቀም ጀመርኩ።