በትሩ ኩላቡ ላይ ነው

ደላላው የጋጡን በር ገፋ ሲያደርገው ቀድሞ የመጣው ሽታው ነው። ፈረስ ከዚያ ቤት ከወጣ ዓመታት አልፈዋል። ቢሆንም የድርቆሹ፣ ላብ የጠጣው ኮርቻና የሽንቱ ሽታ ድንጋዩ ውስጥ ገብቶ ቀርቷል። ደላላው አፍንጫውን በመሐረብ ያዘና «ይሄ ሲታጠብ ይጠፋል፣ አያስቡ» አለኝ። እኔ ደግሞ እንዳይጠፋብኝ ፈርቼ በረጅሙ ሳብሁት። ከጅዳ ይዤው በመጣሁት ሽቶ ላይ የፈረስ ሽንት ሲደረብበት ደስ ያለኝ ሰው እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም።

ቤቱ ለሽያጭ ቀርቧል። «ታሪካዊ የድንጋይ ቤት፣ ሰፊ ግቢ፣ የፈረስ ጋጥ ያለው» ብሎ ደላላው በስልኩ ፎቶውን በትኖታል። ከመካነ ሰላም ወጣ ብሎ ሸንተረሩ ላይ የቆመ፣ ከላይ ሰው ከታች ፈረስ የሚያድርበት፣ ወራጁ ሁሉ ወይራ የሆነ ፎቅ ነው። የሚሸጡት ደሴ የሚኖሩት የቀድሞዋ የቤቱ ባለቤት የልጅ ልጆች ናቸው። ታናሽ ወንድሜ እንዳለ ደግሞ ቤቱን የወደደው በድንጋዩ ነው። አፍርሶ፣ ጥርቡን ድንጋይ በመኪና አውርዶ፣ ከተማ ውስጥ አስፋልቱ ዳር የእንግዳ ማረፊያ ሊሠራበት አስቧል። ገንዘቡ የኔ የጅዳ ጉልበት ስለሆነ የመጨረሻውም ቃል የኔ ነበር። ገና እዚያው ሳለሁ በስልክ «ይሁን» ብዬዋለሁ። የዚያን ቀን የወጣሁት ከመፍረሱ በፊት አንድ ጊዜ ልየው ብዬ ነው። ምን ያደርጋል፣ ሽታው ቀደመኝና እማ ብርቄን ይዞብኝ መጣ።

እማ ብርቄ የዚያ ቤት እመቤት ነበሩ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ድምፃቸው እንደ ወንድ የጎረነነ ሴት። ባላቸው ከሞቱ በኋላ የሟቹን ወፍራም ካፖርት በቀሚሳቸው ላይ ደርበው ክረምት ከበጋ ይለብሱት ነበር። የካፖርቱ ኪስ ሁልጊዜ ገብስ አለበት። ለፈረሶቹም ለኛ ለልጆችም የሚዘግኑት ከዚያው ኪስ ነውና ቆሎ ሲሰጡን የፈረስ ፀጉር አብሮ ይመጣል። ፀጉሩን ከአፋችን እየለቀምን እንበላዋለን፤ ታዲያ ማንም ታሞ አያውቅም። ሰውን፣ እኔን የምታህል ልጅ እንኳ ሳትቀር፣ «አንቱ» እያሉ ነበር የሚያናግሩት። ስድቡ የተተወው ለፈረሶቹ ነው። «አንተ ሆዳም፣ ትናንት አልበላህም?» ሲሉት ጥቁሩ ፈረስ፣ ጉራቹ፣ ጆሮውን ቀጥ አድርጎ እንደተመረቀ ሰው ይሰማቸው ነበር።

ጋጡ ውስጥ፣ ምሰሶው ላይ፣ አንድ ሬዲዮ ተንጠልጥሎ ነበር። ፈረስ ብቻውን ሲሆን ይከፋዋል ብለው ነው የሰቀሉት። የባትሪ ድንጋዩ ሲደክም አውጥተው ፀሐይ ላይ ያሰጡታል። ያን ጊዜ ጠዋት ወተት ይዤ ስወጣ፣ የግቢው ግንብ ላይ የተደረደሩትን ባትሪዎች ካየሁ፣ ፈረሶቹ ዛሬ ዜና አልሰሙም ማለት ነው እያልሁ እስቅ ነበር።

ስለ ኩላቦቹ ልንገራችሁ። በጋጡ ግድግዳ ላይ፣ በሩ አጠገብ፣ ከበሬ ቀንድ የተሠሩ ኩላቦች ተተክለዋል። የጋጡ በር አይቆለፍም። በዙሪያው ያለ ሰው ድንገት ቢቸግረው፣ በሽተኛ ቢኖርበት፣ ምጥ ቢመጣበት፣ ማንንም ሳያንኳኳ ገብቶ ፈረስ ይጭናል። ብቻ በትሩን ወይም ኩታውን ኩላቡ ላይ ሰቅሎ ይሄዳል። ፈረሱን ሲመልስ የሰቀለውን ያወርዳል። በመሀሉ ግን፣ በትሩ እዚያ እስካለ ድረስ፣ ፈረሱ የወሰደው ሰው ነው። ማንም አይጠይቀው፣ ማንም ና መልስ አይለውም። «ቤቱ የጨነቀው ሰው እኔን ሲቀሰቅስ ለምን ጊዜ ያጠፋል?» ነበር የሚሉት እማ ብርቄ።

ጠዋት ወተቱን ሳደርስላቸው ወደ ጋጡ አብሬያቸው እወርዳለሁ። መጀመሪያ የሚያዩት ፈረሶቹን አይደለም፤ ኩላቡን ነው። «ዛሬ የከፋው ማነው?» ይላሉ። በትሩን በእጃቸው ያገላብጡታል፤ የየቤቱን በትር ያውቁታል። «ይሄ የይመር ነው። ሚስቱ ምጥ ደርሶባታል ማለት ነው። በሉ አንቱ፣ ይሄን ወተት ይዘው ይመለሱና እዚያ ያድርሱት» ይሉኛል። እሳቸው ደግሞ የአጥሚት እህል አስፈጭተው ከኋላዬ ይደርሳሉ። ይመር የታችኛው መንደር እስላም ጎረቤታችን ነው፤ ያኔ የተወለደችው ልጁ ዛሬ ራስዋ ወልዳለች።

አንድ ጊዜ አዲስ የመጣ የግብርና ሠራተኛ ፈረሶቹን ሊያይ ገብቶ፣ ጃንጥላውን ኩላቡ ላይ ሰቅሎ ረስቶት ሄደ። በማግስቱ ጠዋት እማ ብርቄ ጃንጥላውን አዩ። እንደ አጋጣሚ ቡላው ፈረስ ተፈትቶ ሜዳ ላይ ነበርና ጋጡ ውስጥ የለም። አለቀ። እማ ብርቄ ከነጎረቤቶቻቸው አጥሚት ይዘው ሰውየው የተከራየበት ቤት ደጃፍ ላይ ቁጭ አሉ። ፊቱን ሳይታጠብ ሲወጣ «አይዞን፣ እግዜር ይማርልን፣ ለመሆኑ የታመመብዎ ማነው?» አሉት። ሰውየው ወንደላጤ ነው። የሚታመምበትም የለው። አጥሚቱን ግን ጠጣው። ከዚያ ወዲያ በመጣ በሄደ ቁጥር ጃንጥላውን ሆን ብሎ ይረሳዋል እየተባለ ይቀለድበት ነበር።

አባቴ ባየ ይባላል። የራሱ ፈረስ ኖሮት አያውቅም። የፈረስ ነገር ግን ከሱ በላይ የሚያውቅ ያለ አይመስለውም። ለጥምቀት ጉግስ ሲኖር ከሜዳው ዳር ቆሞ «ልጓሙን ላላ! እርካቡን ምነው እንዲህ አስረዘመው!» እያለ በባለ ፈረሶቹ ላይ ይጮሃል። እናቴ በጋቢው ጫፍ እየጎተተችው «አንተ ሰውዬ፣ መጀመሪያ አህያ ግዛ» ትለዋለች። ከእማ ብርቄ ፈረሶች ዳማውን ይወደዋል። ወደ ማሳው ሲሄድ መንገዱን አጣሞ በጋጡ በኩል ያልፋል፤ ዳማም ድምፁን ሲሰማ ያሽካካል።

አንድ ክረምት ሊወጣ ሲል አባቴ ሆዱን ያመው ጀመር። ሲብስበት ጎህ ሳይቀድ ከአጎቴ ጋር ሸንተረሩን ወጣ። በትሩን ራሱ ሰቀለ። ዳማን ጭነው ወደ መካነ ሰላም ሄዱ። በፈረስ የሄደው ሰው በቃሬዛ ተመለሰ። ዳማ ኮርቻው ባዶ ሆኖ ከቃሬዛው ኋላ እየተሳበ ነበር የመጣው። አጎቴ ለቅሶው ግራ አጋብቶት ፈረሱን ጋጥ አስገብቶ ብቻ ወረደ። በትሩን ያስታወሰው የለም።

በኛ አገር ባለ ፈረስ ሲሞት ፈረሱ ተጭኖ፣ የጌጥ ልብሱን ግላስ ለብሶ፣ ለቅሶው መሀል ይሳባል። ባዶውን ኮርቻ ያየ ሰው አላለቅስም ቢል እንኳ አይችልም። ፈረስ ለሌለው ጋቢውና በትሩ ተይዞ ይለቀስለታል። እናቴ በትሩን ፍለጋ ቤቱን ገለበጠችው። ከአልጋው ሥር፣ ከማገሩ መሀል፣ ከጓሮ። የለም። በመጨረሻ ጋቢውን ብቻ እቅፍ አድርጋ መደቡ ላይ ተቀመጠችና «ምንም ያልነበረው ሰው ሊመስልብኝ ነው» አለች። እንዳለ ጀርባዋ ላይ ታዝሎ ተኝቷል። ከዚያ ቀን ለቅሶ ሁሉ እኔን የሰበረኝ ይህች ቃሏ ናት።

አልቃሾቹ ገና ድምፃቸውን ሲያሟሹ ከሸንተረሩ በኩል ቃጭል ተሰማ። እማ ብርቄ ካፖርታቸውን አውልቀው፣ ነጠላቸውን አደግድገው፣ ዳማን እየሳቡ ይወርዳሉ። ለሠርግ ብቻ የሚወጣው ቀዩ ግላስ ለብሷል። ኮርቻው በቅቤ ታሽቶ ያብረቀርቃል። በኮርቻው ላይ የአባቴ በትር በአግድም ታስሯል። አንድ ሽማግሌ ተነሡና በቀስታ «እማ ብርቄ፣ ፈረሱ የርስዎ አይደለም ወይ? በሰው ፈረስ ማልቀስ ምን የሚሉት ወግ ነው?» አሉ።

«የኔ ቢሆን ኩላቡ ባዶ ይሆን ነበር» አሉ እማ ብርቄ። «በትሩ ኩላቡ ላይ ነው ያደረው። ባየ ፈረሱን አልመለሰም። የሱ ነው።»

የሚከራከር አልነበረም። እዚያ ከቆመው ሰው በትሩን በዚያ ኩላብ ላይ ሰቅሎ የማያውቅ ማን አለ? ሽማግሌው ራሳቸው ልጃቸውን ያተረፉት በጉራቹ ነው። መንገዱን ለቀቁላቸው። ዳማ ወደ መሀል ገባ፣ አልቃሿ «ባለ ዳማው ባየ» ብላ ጀመረች፣ እናቴም በትሩን አይታ ጮኸች። እኔ ግን፣ እውነቱን ልናገር፣ ደስ አለኝ። አባቴ ሞቶ መሬት ሳይገባ በፊት፣ ባለ ፈረስ ሆኖ ሳየው ደስታው ከለቅሶው ጋር ተደባለቀብኝ።

እኔ ነገሩ እዚያ ያበቃል ብዬ ነበር። እማ ብርቄ ግን በትሩን ወስደው መልሰው ኩላቡ ላይ ሰቀሉት። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ወደ ቤታችን መጡና እናቴን «ዳማን ለሠርግ ጠይቀውኛል፤ ምን ይላሉ?» አሏት።

«ኧረ እርስዎ ያውቃሉ እንጂ» አለች እናቴ ደንግጣ።

«እኔ በሰው ፈረስ ምን አገባኝ? የባየ ነው፤ እርስዎ ካልፈቀዱ አልሰጥም።»

ያን ቀን እናቴ በሀፍረት ፈቀደች። በሚቀጥለው ትንሽ አሰብ አድርጋ ፈቀደች። ዓመት ሳይሞላ እንደ እመቤት ቁጭ ብላ «የማን ልጅ ነው ሚዜው? አይ፣ እሱ ፈረስ ያሠቃያል፣ አልሰጥም» ማለት ጀመረች። ሽሮ ጎድሎባት ያውቃል፤ ዳማ እስኪሞት ድረስ ግን ፈረሷን የሚያስፈቅዷት ሴት ነበረች። አንገቷ ቀና ያለው በዚያ ነው። በኋላ ወደ ከተማ ወረድን፣ እኔም ወደ ጅዳ ሄድሁ። እማ ብርቄ ማረፋቸውን እናቴ በስልክ ስትነግረኝ ወጥ ቤት ቆሜ የሰው ሰሀን እያጠብሁ ነበር። ውኃውን ከፍቼ አለቀስሁ።

እንግዲህ ጋጡ ውስጥ ቆሜ፣ ዓይኔ ጨለማውን ሲለምድ፣ ወደ ኩላቦቹ አየሁ። ሁሉም ባዶ ናቸው። የመጨረሻው ላይ ግን አቧራ የለበሰ በትር ተንጠልጥሏል።

የቤቱ ቁልፍ ያለው በአያ ይመር እጅ ነው። ያኔ ሚስታቸው የወለደችላቸው ይመር ዛሬ ሸምግለዋል። ከበሩ ላይ ሆነው አዩኝ። «አውርጄው አላውቅም፣ ልጄ» አሉ። «ኮርቻውንም ግላሱንም የልጅ ልጆቹ ወሰዱ። እሱን ሊወስዱ ሲሉ ወላሂ ተጣላኋቸው። የሰው ነው፣ ባለቤቱ ሳይመጣ እንዳይነካ ብለው ነው ብርቄ የሞቱ።»

ውጭ ቀርቶ የነበረው እንዳለ የድንጋዩን ስፋት በሜትር እየለካ ገባ። «እታለም፣ ማዕዘኖቹ አንድም አልተሰነጠቁ፤ ሲፈርስ ብዙ አይባክንም» አለኝ። ከዚያ ዓይኔ ያረፈበትን አየና «ምንድን ነው እሱ?» አለ።

«የአባባ በትር ነው። አውርደው።»

እንዳለ አባቱን አያውቀውም። ፎቶም የለንም፤ ጋቢውም አልቋል። ሜትሩን ኪሱ ከተተና ተንጠራርቶ አወረደው። አቧራውን በእጅጌው ጠረገ። በትሩ አናቱ አካባቢ፣ የሰው እጅ ዘወትር የያዘው ቦታ፣ ለስልሶ ጎድጉዷል። እንዳለ እዚያ ላይ ጨበጠውና ጣቶቹን በጎድጓዳው ልክ አስተካከለ። ደላላው ጉሮሮውን ጠረገና «እንግዲህ ለማፍረሱ ሰው የምትፈልጉ ከሆነ እኔ ጋ ርካሽ ሠራተኛ አለ» አለ። እንዳለ አልሰማውም።

«አያ ይመር» አለ በመጨረሻ። «ይሄ ጋጥ ስንት ፈረስ ይይዛል?»

አያ ይመር እኔን አዩና መልሰው እሱን አዩት። «አብሽር ልጄ፣ አንተ አምጣ እንጂ ቦታስ አይጠፋም» አሉት።

እንዳለ በትሩን እየተመረኮዘ ወደ ውጭ ሲወጣ ነጠላዬን ከትከሻዬ አወረድሁና በትሩ የነበረበት ኩላብ ላይ ሰቀልሁት። ደላላው አየኝ። «ነጠላዎን ረሱ እኮ» አለ ከኋላዬ።

«አልረሳችም» አሉት አያ ይመር፣ የጋጡን በር ሳይቆልፉ ገርበብ እያደረጉ።

ሸንተረሩ ላይ የኛው አገር የቦረና ነፋስ እንደ ድሮው ነው፤ እስከ አጥንት ይገባል። ትከሻዬን በእጄ እቅፍ አድርጌ ወንድሜን ተከትዬ ወረድሁ።