ባሏ እንዲሸነፍ የጸለየች ሴት

ሚስት ባሏ እንዲሸነፍ ስትጸልይ ሰምታችሁ ታውቁ እንደሆን እንጃ። የመድኃኒት ቤቱ ባለቤት ሚስት ግን ያን እሑድ ከቤት ከወጣች ጀምሮ ልመናዋ ይኸው ነበር፤ አምላኬ፣ ዛሬን ብቻ ጣለው፣ ሰው ሁሉ እያየው ጣለው። ክፉ ሴት ሆና አይደለም። የቸገረው እርጉዝ ያገባል እንደሚባለው፣ ሌላ መላ አልቀራትም።

ባልየው መድኃኒት ሲሰጥ ያረጀ ሰው ነው። በዓለም ላይ ሌላ ጋሼ የሌለ ይመስል፣ ሰፈሩ «ጋሼ» ካለ እሱን ማለቱ ነው። በአንድ እጁ የሐኪሙን ወረቀት ሲቀበል ሌላው እጁ መደርደሪያው ጋ ይደርስ ነበር። ችግሩ የታወቀው አዲሱ መደርደሪያ የገባ ጊዜ ነው። ዕቃው ሁሉ ቦታ ቀየረ፤ የጋሼ እጅ ግን አልቀየረም። የደም ግፊቱ ከነበረበት የስኳሩ ተቀምጦ እያለ፣ እጁ የለመደው ቦታ ሄዶ ያገኘውን ይዞ ይመጣል። ስሙን እንኳ አያነብም። መጀመሪያ ድካም ነው ብላ አለፈችው። በኋላ የልጆቹን ስም ሲያቀያይር፣ የገዛ ቤቱ መንገድ ሲጠፋበት ነገሩ ገባት። ከዚያ ወዲህ «አምጣ ላሽግልህ» እያለች መድኃኒቱን ከእጁ ትቀበልና ከወረቀቱ ጋር ታስተያየዋለች፤ ተሳስቶ ካገኘችው ዘወር ብላ ትቀይረዋለች። ለአፍታ ወደ ጓዳ ከገባች እስክትመለስ ልቧ ተሰቅሎ ይቆያል።

ተመርመር ብትለው ሳቀባት። ቼዝ የሚያሸንፍ ጭንቅላት ምን ጎድሎት ነው የሚመረመረው አላት። ማሸነፉስ እውነት ነው። የጨዋታ አከፋፈቶቹን ከወጣትነቱ ጀምሮ በቃሉ ስለያዛቸው፣ ሌላው ማሰብ ሳይጀምር እሱ ግማሽ መንገድ ይደርሳል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል፤ ደባቂው መድኃኒት ሻጭ ሲሆን እንግዲህ አስቡት።

የቼዝ ክለቡ ሰዎች መሸነፍ ሲሰለቻቸው አንድ ዘዴ አመጡ። የኋላው ረድፍ በዕጣ ይደርደር ተባለ። ወታደሮቹ እንደ ወትሮው ከፊት ይቆማሉ፤ ንጉሡ፣ ንግሥቷ፣ ፈረሶቹ፣ ጳጳሶቹና ግንቦቹ ግን ከባርኔጣ እየወጡ ዕጣ ባደረሳቸው ቦታ ይሰለፋሉ። እንዲህ ከሆነ በቃል የተያዘው ሁሉ ገደል ገባ። ጋሼ ይህን ሲሰማ ደሙ ፈላና በሚስቱ ፊት ማለ። በዚህ ውድድር ከተሸነፈ ነጩን ጋዋን ሰቅሎ የመድኃኒት ቤቱን ቁልፍ ሊያስረክባት፣ ካሸነፈ ግን ስለ ምርመራ ዳግም ላታነሳበት። እሷም እሺ አለች።

ውድድሩ የተካሄደው ዱሮ መጋዘን በነበረ አዳራሽ ውስጥ ነው። አንዱ መስኮት በካርቶን ተደፍኗል፤ ወንበሮቹ ቁመታቸው አይገጥምም። ጋሼ እንደምንም ለመጨረሻው ግጥሚያ ደረሰ። አንዱ ተጋጣሚው ቀረ፣ ሌላው ሲያስብ ሲያስብ ሰዓቱ አለቀበት። ለዋንጫው ፊቱ የተቀመጠው ልብስ ሰፊው ነበር፣ እንደ ታናሽ ወንድም የሚያዩት ጎረቤታቸው። ሴት ልጁ የሚጥል በሽታ አለባትና መድኃኒቷን የሚወስድላት ከጋሼ ነው።

ዕጣው ሲወጣ ግንብ በሚቆምበት ጥግ ላይ ፈረስ ቆመ። ጋሼ ሰሌዳውን እንደ ባዕድ አገር አየው። ግንባሩን አላበው፣ ወታደር አንስቶ መልሶ አስቀመጠ። ሚስቱ ከኋላ ቆማ ጸሎቷን ቀጠለች፤ ባሏን እያየች እንባዋም ይመጣባታል። ከብዙ ጭንቀት በኋላ ድንገት ፊቱ ፈታ አለ። ክለቡ «ምሽግ መግባት» የሚላት እርምጃ አለች፤ ንጉሡ ወደ ጥግ ይጠጋል፣ ግንቡ ዘሎት አጠገቡ ይቆማል። የጋሼ እጅ ይህን ዕድሜ ልኩን ሠርቶታል። ንጉሡን ወደ ጥግ አስጠጋ፣ ከጥጉም ፈረሱን አንስቶ እንደ ግንብ አጠገቡ አቆመው።

ያየው ሁሉ ዓይኑን መሬት ላይ ተከለ። በክለቡ ደንብ ሕገ ወጥ እርምጃ ሲታይ እጁን የሚያነሳው ተጋጣሚው ብቻ ነው፤ ዳኛም ቢሆን ካልተጠየቀ አይናገርም፣ የተናገረ ተመልካች ይባረራል። ልብስ ሰፊው አየ። ማየቱን እሷም አየች። አንሳ፣ አንሳ እጅህን፣ አለች በሆዷ። እሱ ግን የሽማግሌውን ፊት ተመለከተና አንገቱን ደፍቶ አንድ ወታደር ገፋ። ቆይቶም ንግሥቱን በነጻ ሰጠ። ጋሼ አሸነፈ፤ ቤቱ በጭብጨባ ተናወጠ። ዝምታ ወርቅ ነው ያለው ሰው መድኃኒት ቤት አልነበረውም።

ልብስ ሰፊውን ግቢ ውስጥ፣ ቧንቧው ጋ ፊቱን ሲታጠብ ደረሰችበት።

«አይተህ ነው ዝም ያልከው?»

«አሳዘኑኝ እትዬ። አንድ ጨዋታ አይደል? ምን አለበት?»

«ነገ ለልጅህ መድኃኒት የሚያነሳላት ያው እጅ ነው።»

ከዚያ ለማንም ያልተናገረችውን፣ ስለ መደርደሪያው፣ እየደበቀች ስለምትቀይራቸው መድኃኒቶች ነገረችው። ልብስ ሰፊው ፊቱ አመድ መሰለ። ሳይጠራረግ ተከትሏት ገባ።

ሰዉ ወጥቶ ጋሼ ብቻውን ሰሌዳው ላይ እንዳቀረቀረ ነበር።

«ጋሼ፣ ይቅር ይበሉኝ» አለ ልብስ ሰፊው። «ምሽግ ሲገቡ ያነሱት ግንብ አልነበረም። ፈረስ ነበር።»

«አውቃለሁ» አለ ጋሼ። «ከእጄ እንደለቀቅኩት አየሁት። እጅህን እስክታነሳ ጠበቅኩህ። ቀና ስል ሰው ሁሉ መሬት መሬት ያያል። ያኔ ገባኝ።» ወደ ሚስቱ ዞረ። «አንቺም ስታሽጊ እንዲህ ነበር የምታደርጊኝ?»

ሲሸነፍ ደስ ይለኛል ብላ ነበር የምታስበው፤ አሁን ግን ወንበር ስባ አጠገቡ ተቀመጠች። ጋሼ ቁልፉን ከኪሱ አውጥቶ ሰሌዳው ላይ አኖረላት።

«ማንን ጎዳሁ?»

«ማንንም። እያየሁ እቀይረው ነበር።»

«አንቺ ታመሽ የተኛሽ ሰሞንስ?»

ያን ሰሞን መድኃኒት ቤቱን ብቻውን ነበር የከፈተው። ልብስ ሰፊው ለልጁ መድኃኒት የወሰደበትን ቀን ማስታወስ ጀመረ፤ ያን ሰሞን ነበር። ዛሬም ጠዋት ከዚያው ነው የሰጣት። ኮቱን ወንበሩ ላይ ትቶ ወጣ። እየሮጠ ሲሄድ የእግሩ ኮቴ እስኪጠፋ ድረስ ባልና ሚስቱ ከነበሩበት አልተንቀሳቀሱም።