«ቦሩን የገደልሽው አንቺ ነሽ?»

ባለፈው ቅዳሜ ነገሌ ገበያ መሀል በነፍስ ግድያ ተከሰስኩ። ሳሙና ልገዛ ወጥቼ...

ነገሩ እንዲህ ነው። እኔ የአማርኛ መምህርት ነኝ። የከተማችን «ጸሐፍት» የምንበረታታበት አንድ የቴሌግራም ግሩፕ አለን። ስንበረታታ ደግሞ ለጉድ ነው! አድሚናችን «እዚህ ቤት ሂስ የለም፣ ፍቅር ብቻ!» ብሎ ከላይ ፒን አድርጎታል። እውነትም ማንም ማንንም አይተችም። ለመተቸት መጀመሪያ ማንበብ ያስፈልጋላ።

አንድ ቀን ለእህቴ የጻፍኩት መልእክት በስህተት ግሩፑ ላይ ወጣ። «ውሃ መጥቷል፣ ጀሪካኖቹን ደርድሪ። ቢጫው ያፈሳል፣ ተይው» ይላል። ላጥፋው ብዬ ስመለስ ግማሹ ሰው አጨብጭቦልኛል። አንዱ «ውሃ እዚህ ላይ ፍቅር ነው አይደል?» ይላል። አድሚናችን ደግሞ «ቢጫው ያፈሳል... ኡፍ! ስንቱን አስታወስሽኝ» ብሎ የሚያለቅስ ፊት ለጥፏል። ምን እንዳስታወሰው እስካሁን አልነገረኝም።

ያኔ ደግሞ እዚያው ግሩፕ ላይ ተከታታይ ታሪክ እየጻፍኩ ነበር። ቦሩ የሚባል የአይሱዙ ሹፌር ነው፤ ከሜጋ ከተማ ከብት ይጭናል፣ ነገሌ ላይ ሎኮ የምትባል እጮኛ አለችው። በየሳምንቱ ስለጥፍ ያው «በርቺ»፣ ያው ጭብጨባ። እስቲ የሚያነበኝ ሰው ካለ ልየው አልኩና ቦሩን ከሠርጉ በፊት ዳዋ ወንዝ ውስጥ ከነመኪናው አሰጠምኩት። ጽፌ ስጨርስ እኔው ራሴ አለቀስኩ።

ግሩፑስ? «ዋው፣ በሳቅ ገደልሽኝ!» አለች አንዷ። አድሚናችን «መልካም ጋብቻ ለሁለቱም» ብሎ አበባ ላከ።

በቃ፣ መጻፍ ተውኩ።

እንግዲህ ቅዳሜ ዕለት ሳሙና ልገዛ የሱልጣን ሱቅ ገባሁ። ሱልጣን በእኔ ዕድሜ ያለ ነጋዴ ነው፣ ሰላምታ ብቻ ነበር የምንለዋወጠው። ሳሙናውን ይዞ ትክ ብሎ አየኝ።

«ቲቸር... ግሩፑ ላይ ስለ ቦሩ የምትጽፊው አንቺ ነሽ አይደል?»

«አንተም አለህበት እንዴ? አንድ ቀን እንኳን ኮሜንት ስትሰጥ አላየሁህም!»

«እያነበብኩ ነዋ» አለኝ።

ይሄ መልስ አናቴን ነው ያዞረው።

«ማሎ፣ እባክሽ አንዴ ወደ ውስጥ ግቢ» አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «እናቴ የተጻፈ አማርኛ ስለሚከብዳት በኦሮምኛ እየመለስኩ አነብላታለሁ። የሐሞት ጠጠር አለባት፣ ሰኞ ሐዋሳ ኦፕራሲዮን ቀጠሮ አላት። በስንት ልመና እሺ ካለች በኋላ ያንቺ ቦሩ ሰመጠ። ‹ያ ጎረምሳ እንኳ ካልተረፈ እኔ አሮጊቷ ቢላዋ ስር ገብቼ ልወጣ ነው?› ብላ አልሄድም አለች። ሐኪም ቢለምናት፣ ሼኩ ቢመክሯት... ወይ ፍንክች!»

ከሱቁ ጀርባ ያለው ክፍል ውስጥ እናቱ አደ ሙሚና አልጋ ላይ ናቸው። ፊታቸው ገርጥቷል። ዓይናቸው ግን እንደ ዳኛ ያፈጣል።

«አካም፣ ናጋ?» አልኳቸው ጎንበስ ብዬ።

«ናጋ። ቦሩን የገደልሽው አንቺ ነሽ?»

«እማማ፣ ታሪኩ እኮ ፈጠራ ነው። ቦሩ የሚባል ሰው የለም።»

«ውሸት መሆኑን መች አጣሁት!» አሉኝ። «እውነት ቢሆንማ የአላህ ሥራ ነው ብዬ ዝም እላለሁ። ይሄ ግን ያንቺ ሥራ ነው። ምን በደለሽ?»

የሚያነበኝ ሰው መኖሩን ልፈትሽ ብዬ ነው አይባል ነገር!

ሱልጣን ከኋላቸው ቆሞ በዓይኑ ይለምነኛል። የሰኞው ቀጠሮ ትዝ አለኝ።

«እማማ... ሬሳው እኮ አልተገኘም» አልኩ።

ቀና አሉ። «አልተገኘም?»

«አልተገኘም። ውሃው ወስዶ... ወስዶ ዛፍ ላይ ጣለው።»

«ምን ዛፍ?»

«የግራር ዛፍ።»

«እሾሁስ?»

«ወጋጋው። ግን ይተነፍሳል። የሊበን ሜዳ ከብት ጠባቂዎች አገኙት።»

«ወተት ሰጡት?»

«ሰጡት።»

«ትኩስ ነው?»

«ትኩስ ነው፣ እማማ።»

«መኪናውስ?»

«መኪናው ሄዷል።»

ትንሽ አሰቡ። «መኪናው ይሂድ» ብለው ፈቀዱ። «ሎኮ ግን ታውቃለች?»

«ገና ናት፣ ሰኞ ትሰማለች» አልኩ፣ ከየት እንደመጣልኝ እኔም አላውቅም። «እርስዎ ሐዋሳ ሲደርሱ ሱልጣን ያነብልዎታል።»

ተንኮሌ ገብቷቸዋል። ከዚያ ወደ ልጃቸው ዞረው በኦሮምኛ አንድ ነገር አሉት፤ ሱልጣን ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ዓይኑን ጠረገ። «ሻንጣዬን አውርድ» ነበር ያሉት።

እሁድ ከቤተ ክርስቲያን እንደተመለስኩ ቁጭ ብዬ ጻፍኩ። ዕድሜ ልኬን እንደዚያ ፈርቼ ጽፌ አላውቅም። ቦሩ እየተንከላወሰ ነገሌ ገባ፣ ሎኮ በር ላይ አየችው... ሰኞ ጠዋት ለጠፍኩት።

አድሚናችን «ነፍስ ይማር፣ በርቺ» አለ።

በማግስቱ ከሐዋሳ ተደወለልኝ። የደከመ ድምፅ ነው፣ ግን ትዕዛዝ ነው።

«ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ከቢላዋው ስር ወጥቻለሁ። ሱልጣን አንብቦልኛል። ሁለተኛ ሰው ከመግደልሽ በፊት ለእኔ ደውዪ!»

አሁን አዲስ ታሪክ ጀምሬ አንድ ክፉ ባለሥልጣን በጠና ታሞብኛል... ስልክ ደውዬ ፈቃድ እየጠበቅኩ ነው።