ያለ ሰዓቱ የተመታው ደወል

ጋሼ ተካ፣ ተነስ እንጂ። ከንጋቱ አስራ አንድ ሰዓት ካለፈ ቆየ። ውስጥ እግሬን በጣትህ እየነካካህ "ተነስ፣ ገና ዙር አለ" የምትለኝ አንተ ነህ። እኔ አንተን ቀስቅሼህ አላውቅም።

የትናንቱን እስካሁን አላመንኩትም። ከትምህርት ቤት ስመለስ አጠና ተራ ላይ ሰው ተሰብስቧል። አባባ ከጭነት መኪናው አጠገብ መሬት ላይ ተቀምጠው አንድ ጫማህን ይዘዋል። "ሌላኛውን ፈልግልኝ" አሉኝ።

ይህን የትምህርት ቤታችን ማስታወቂያ ሰሌዳ ፊት ቆማችሁ ለምታነቡ፣ ተካን ለማታውቁት ልንገራችሁ። ተካ ታላቅ ወንድሜ ነው። የአምስት ሺህና የአስር ሺህ ሜትር ሯጭ ነበር። ትናንት ከአባባ ጋር አጠና ሲያራግፍ እንጨቱ ተንዶበት ሞተ። ሃያ ሦስት ዓመቱ ነበር።

ሰው ሁሉ "አጠናው ገደለው" ይላል። ሯጭን አጠና ሥር ማን አስገባው? እኔ የምጠይቀው ይህን ነው። ያስገባውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ጠዋት ጠዋት "ተሰለፉ!" የሚለን የስፖርት አስተማሪያችን ነው።

አምና ወደ ውጭ አገር የሚሄደው ቡድን ሲመረጥ ስታዲየም ነበርኩ። አስር ሺህ ሜትር ሃያ አምስት ዙር ነው። የመጨረሻው ዙር ሲደርስ ለመሪው ደወል ይመታለታል። በዚያን ቀን ዙር ቆጥሮ ደወሉን እንዲመታ የተመደበው ይኸው አስተማሪ ነበር። ተካ እየመራ ነው። ገና ሁለት ዙር ሲቀረው ደወሉ ተመታ።

ሯጭ ያንን ድምፅ ከሰማ በኋላ አይቆጥርም። ያለውን ሁሉ ያወጣል። ተካም አወጣ። መስመሩን አልፎ በጉልበቱ ተንበረከከ፣ እጁን ወደ ሰማይ ዘረጋ። እኔ "አሸነፈ!" ብዬ አጠገቤ የነበሩትን የማላውቃቸውን ሽማግሌ አቀፍኳቸው።

"ልጄ፣ ሌሎቹ እኮ አልቆሙም" አሉኝ።

የሌላ ክለብ አሰልጣኝ ከዳር ሆኖ "አትስሙት፣ ገና አንድ አለ!" እያለ ለልጆቹ ይጮህ ነበር። ተካ እስኪነሳ ሦስት ሰው አለፈው። ባዶ በሆነ እግር ያችን ዙር ጨረሳት። አራተኛ ወጣ። የሚሄዱት ሦስት ነበሩ።

ደዋዩ ሲጠየቅ ምን አለ? "እኔ በሰዓቱ ነው የመታሁት። ልጁ መቁጠር አይችልም።" የውድድሩ ሪፖርት ላይም ይኸው ተጻፈ። ክለቡም ተካን አሰናበተው።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ተካ እዚህ ግቢ ድረስ መጣ። ተሰልፈን ነበር። ኮፍያውን አውልቆ "መምህር፣ ሰው ይሳሳታል። ተሳስቼ ነበር ብለው አንድ መስመር ይጻፉልኝ፣ ክለቤ ይመልሰኛል" አለው።

አስተማሪው ወደ እኛ ዞረ። "ይኸን ጎረምሳ አያችሁት? ሃያ አምስት መቁጠር አቅቶት ነው። ና ላስመዝግብህ፣ የማታ ትምህርት አለ!"

ሰልፉ በሳቅ ፈረሰ። ከሳቁት አንዱ እኔ ነኝ። ፈርቼ ነው። ተካ አይቶኛል። በማግስቱ ጠዋት ግን እንደወትሮው እግሬን ነካካኝ። "ተነስ፣ ገና ዙር አለ።"

ከዚያ በኋላ ቀን አጠና ይሸከም ነበር፤ ጠዋት ግን መሮጡን አልተወም። እማማ የተላጠ ትከሻውን ቅቤ እየቀባች "ይብቃህ ልጄ" ስትለው መልሱ ያው ነበር። የሚቀጥለውን ምርጫ ይጠብቅ ነበር።

ትናንት ማታ ለቅሶ የመጡ ጎረቤት "ተወው፣ ለእግዜር ስጠው" አሉኝ። እሰጠዋለሁ። ግን መጀመሪያ ለእናንተ።

ጋሼ ተካ፣ ዛሬ ጠዋት ብቻዬን ያደረግኩትን ልንገርህ።

የሚቀሰቅሰኝ አልነበረም፤ ራሴ ተነሳሁ። የአስኮን መንገድ ብቻዬን ሮጬ ትምህርት ቤት ገባሁ። የግቢያችን ደወል ዛፍ ላይ የተንጠለጠለ የመኪና ቸርኬ እንደሆነ ታውቃለህ። ከስፖርት አስተማሪው በቀር ማንም አይነካውም፤ መምቻውን ብረት እንኳ ሥሩ ቁጭ ያደርገዋል እንጂ የሚደፍር የለም። የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ገና ሳይጋመስ ብረቱን አንስቼ ባለ በሌለ ኃይሌ መታሁት። ተማሪው ሁሉ ደብተሩን ይዞ ወደ ሜዳው ፈሰሰ። እሱም ሰዓቱን እያየ እየሮጠ መጣ።

"ማነው ያለ ሰዓቱ የደወለው?"

"እርስዎ ነዎት፣ መምህር" አልኩት።

ያኔ የሳቁት ልጆች ሁሉ እሱን ያዩ ጀመር። አንድም የሳቀ አልነበረም። ድምፁን ዝቅ አድርጎ "ብረቱን አምጣ" አለኝ።

"ቀብሩ ዛሬ በዘጠኝ ሰዓት ነው። እዚያ መጥተው፣ አባባ ፊት ቆመው፣ ተሳስቼ ነበር ካሉ እሰጥዎታለሁ። ካልመጡ ነገ ደግሞ ሰፈርዎ መጥቼ እደውላለሁ። ገና ዙር አለ።"

ደህና ሁን ጋሼ ተካ። የሳቅኩብህን ይቅር በለኝ። ይህን ጽፌ ስጨርስ ሰሌዳው ላይ በአራት ምስማር እመታዋለሁ፤ መዶሻ የማደርገው ያንኑ ብረት ነው። ከዚያ ሸሚዜ ውስጥ ከትቼው፣ ደረቴን እየቀዘቀዘኝ፣ ወደ ለቅሶው ቤት እሮጣለሁ።