ኮራል፣ መኪናዋና አሥራ አንዱ ሳምንት

ኮራል ፔትሪን ሳስባት መጀመሪያ የሚታየኝ ከመኪና ሥር የወጡ ሁለት እግሮች ናቸው። ፊቷ ቆይቶ ነው የሚመጣልኝ። አርባ ዓመት ጎረቤቴ ነበረች። በመሐላችን የቆርቆሮ አጥር ነበረ፤ አንድ ቀን ነፋስ ጣለው፣ ሁለታችንም አላነሳነውም። ዓመቱ ይምታታብኛል፣ ትምህርቴም ከስድስተኛ ክፍል አላለፈም። ያየሁትን ግን አልረሳም፤ የተናደድኩበትንማ ጭራሽ።

ኮራል ኩዎርን በምትባለው ከተማችን ውስጥ ሃያ ስድስት ዓመት የተማሪ አውቶብስ ነድታለች። ጠዋት በአቧራው መንገድ ከአንዱ የበግ እርባታ ወደ ሌላው እየዞረች ልጆች ትለቅማለች፣ ከሰዓት ትበትናቸዋለች። በመላው አውስትራሊያ እንደ እሷ የሚሳደብ ሹፌር የለም ይባል ነበር፤ ልጆች ባሉበት ግን አንዲት ክፉ ቃል አይወጣትም። አውቶብሱ መንገድ ላይ ከቆመ መካኒክ የሚደርሰው በማግሥቱ ስለሆነ ራሷ ከሥሩ መግባት ለመደች። በኋላ በኋላ መካኒኩ ራሱ እየደወለ ያማክራት ጀመር።

ባሏ ዳርሲ ደግሞ የከብት ጭነት መኪና ሹፌር ነበር። ሠላሳ ዓመት ወደ ሰሜን ሲመላለስ በትልቁ የጨው ሐይቅ ዳር ያልፋል። ሐይቅ ይባላል እንጂ ውኃ የለበትም፤ ዓይን የሚያጭበረብር ነጭ ጨው ነው። የሚሞላው ከኩዊንስላንድ በኩል ትልቅ ጎርፍ ሲወርድ ነው፤ ያም በብዙ ዓመት አንዴ ነው። በሞላ ቁጥር ታዲያ ዳርሲ ወይ በሌላ መንገድ ላይ ነው፣ ወይ ወገቡ ይዞት ተኝቷል። "ሠላሳ ዓመት በሩን አንኳኳሁ፤ ባለቤቱን አንድ ቀን ቤት አላገኘሁትም" ይል ነበር።

ጡረታ ወጥቶ ብዙም ሳይቆይ ዓይኑን ያመው ጀመር። ሐኪሙ የሚሞተው የዓይኑ መሐል ነው፣ ዳር ዳሩ ይቀርለታል አለ። በመርፌ ትንሽ ጊዜ ይገዛል፤ ከዚያ በላይ ተስፋ አልሰጠውም። በዚያው የበጋ መጨረሻ ሬዲዮው ጎርፉ መጣ፣ ሐይቁ እየሞላ ነው አለ። ኮራል አጥሩን ተሻግራ ወጥ ቤቴ ገባች።

"ኢና፣ ልወስደው ነው።"

"በምን?" አልኳት። የእኔ መኪና ዝቅ ያለች የከተማ መኪና ናት፤ የእሷም እንደዚያው። ጎርፉ መንገዱን ስለቆራረጠው የአገር ጎብኚ አውቶብሶች ቆመዋል። መኪናውን በዚያ መንገድ ላይ የሚያውስ ሰው ደግሞ አልተወለደም። አውሮፕላን ነበረ፤ ግን ዳርሲ ከሰማይ ሆኖ ምን ሊያይ? ከጠረጴዛው ማዶ ያለሁትን እኔን እንኳ የሚለየኝ በድምፄ ነበር።

"እሠራለኋ" አለች።

ከአንድ እርባታ ጓሮ የድሮ ላንድክሩዘር አገኘች። ዶሮዎች እንቁላል የሚጥሉባት ነበረች። ባለቤቱ ጎትታ እንድታነሳለት ብቻ ነው የለመናት። ከዚያ ወዲያ የእኛ ጓሮ ጋራዥ ሆነ። አልጋዋን ከተጣለ የአውቶብስ ወንበር ሠራች። ዳቦ ቤቱ ሲዘጋ የዳቦ መደርደሪያዎቹን ለመነችና የዕቃ መሳቢያ አደረገቻቸው። አቧራ እንዳይገባ የተጣሉ ፍሪጆችን በር ላስቲክ እየገነጠለች በበሮቹ ዙሪያ ለጠፈች። አንድ ወፍራም የውኃ ቧንቧ ጫፍና ጫፉን ደፍና ጥቁር ቀለም ቀባችው፣ ከላይ ፖርቶመጋላው ላይ አሰረችው፤ ፀሐይ ያሞቀዋል፣ ሲመሽ መታጠቢያ ይሆናል። ከተገለበጠ ጭነት መኪና ላይ ሁለተኛ የነዳጅ ሰልባትዮ ፈታ አመጣች። ከሱቅ የገዛችው ብሎንና ቀለም ብቻ ነው።

ዳርሲ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ብሎኖቹን በጣቱ እየዳሰሰ ይለያል። "አሥራ ሦስት ነው። ይሄ አሥራ አራት። ይሄ ደግሞ ክሩ ያለቀ ነው፣ አለቃዬ፣ እንዳንቺ።"

"ዝም በል፣ ያለዚያ እዚህ ሰልባትዮ ውስጥ ነው የምከትህ" ትለዋለች ከሥር ሆና። ደስተኞች ነበሩ። ይህን በደንብ አስታውሳለሁ፤ የሚያናድደኝም አንዱ ይሄ ነው።

አሁን የእሷን ጥፋት ልናገር፤ አልደብቅም። መኪናዋ ያን ሁሉ ውኃና ነዳጅ ስትሸከም እንዳትጎብጥ ሸክሙን የሚችለው ባሌስትራዋ ላይ የብረት ቅጠል መጨመር ነበረባት። አንዱን ጨመረችና መኪናዋ ሁለት አውራ ጣት ወርድ ያህል ከፍ አለች። ሕጉ የሚፈቅደው እስከዚያ ነው፤ በቃ ነበር። ግን የከተማችን የመኪና ማኅበር ወንዶች ቅዳሜ ቅዳሜ በመንገድ በኩል ያለው አጥር ላይ ተደግፈው ማየት ጀምረው ነበር።

"ምነው ዝቅ አለች? የቄስ መኪና አደረግሻት እኮ!" አላት አንዱ።

"ሕጉ ሁለት ነው።"

"ሕጉን ማን ይለካዋል? እኔ አራት ነኝ። ሮስ ደግሞ መሰላል ካላቆመ ጋቢና አይገባም።"

ሳቁ። ሁሉም ሳቁ። በእኛ አገር መኪናህን ካላነሳህ ሰው አትባልም፤ የማያነሳ ሰው የለም፣ እከሰሳለሁ ብሎ የሚፈራም የለም። ኮራል ሴት ናት ተብላ እንድትታለፍ አልወደደችም። በማግሥቱ አንድ ቅጠል ደረበች። ሦስት አውራ ጣት ሆነች። በዚያች በአንዲት አውራ ጣት ምክንያት ነው የመጣው ሁሉ የመጣው።

በግንቦት አጋማሽ ሐይቁ እስከ አፉ ሞልቷል፣ ፔሊካን የሚባሉት ትልልቅ ነጭ ወፎች ከባሕር ጠረፍ ድረስ በሺህ በሺህ እየበረሩ ገብተዋል ተባለ። እኔም አብሬ ልሄድ ነበርና፣ ለመውጣት አራት ቀን ሲቀረን ኮራል መኪናዋን ልትሞክራት ወጣች። እኔና ዳርሲም ተሳፈርን። መገንጠያው ላይ የመንግሥት የመኪና መርማሪ መኪኖችን ያስቆማል። ቀና ስል ዴሚየን ነው። ሰባት ዓመት በኮራል አውቶብስ የተመላለሰ ዴሚየን! መንገዱ እያዞረው ስለሚያስመልሰው ኮራል ከፊት አስቀምጣ ባልዲ እያስያዘች ያደረሰችው ልጅ፣ አሁን የሦስት ልጆች አባት ነው።

"ደህና ዋሉ ወይዘሮ ፔትሪ" አለና ተንበርክኮ ለካ። አንዴ ለካ። እንደገና ለካ። "በአንድ አውራ ጣት ትበልጣለች።"

"ባዶ ስለሆነች ነው። ውኃውንና ነዳጁን ስሞላባት ራሷ ትወርዳለች።"

"የምንለካው ባዶዋን ነው።"

"ባዶዋን ማን በረሃ ይወስዳታል፣ ዴሚየን?"

"ሕግ ነው ወይዘሮ ፔትሪ። እኔ አላወጣሁትም።"

በዚያው ቅጽበት ከአደሌድ የመጣች አንዲት አዲስ መኪና ከኋላችን ቆመች። እንደ መስታወት ታበራለች፣ ከመሬት ከእኛዋ በብዙ ከፍ ትላለች፤ ሰውዬው ከጋቢናው ሲወርድ ዘሎ ነው። አንድ ወረቀት አሳየ። መሐንዲስ ከፍታዋ ችግር የለውም ብሎ የፈረመበት ወረቀት። ዴሚየን አላጎነበሰም፣ ሜትሩንም አላወጣም። "መልካም ጉዞ" አለው። ያ ወረቀት የሚጠይቀው ገንዘብ ከኮራል መኪና ዋጋ ይበልጣል። በዕድሜዬ ብዙ ነገር አይቻለሁ፤ እንደዚያ ቀን ግን ደሜ ፈልቶ አያውቅም።

"ይሄኛውስ?" ብዬ ጮህኩ። "ይሄኛው አይለካም?"

"ወረቀት አለው፣ ወይዘሮ ኢና።"

"መንገዱ ወረቀቱን ያነባል?"

እሱ ግን መስታወታችን ላይ ቢጫ ወረቀት ለጠፈ። ቤቷ ድረስ ብቻ፣ ከዚያ እስክትመረመር አትንቀሳቀስም። ኮራል እጁን ያዘችው፤ ስትለምን ያየኋት ያን ቀን ብቻ ነው።

"ዛሬ ከሰዓት አንዱን ቅጠል አውጥቼ እጥለዋለሁ። መጥተህ ራስህ ለካው። ዳርሲ ዓይኑ እየሄደ ነው ልጄ። ሐይቁን ሳያይ እንዳይቀርብኝ።"

ዴሚየን ወደ ጋቢናው አየ፤ ዳርሲ ፈገግ ብሎ ወደተሳሳተ አቅጣጫ አንገቱን ነቀነቀለት። "እኔ መለጠፍ እንጂ ማንሳት አልችልም" አለ ዴሚየን። "የሚያነሳው የምርመራ ጣቢያው ነው። ይመዝገቡ።"

ቅጠሉን ለማውጣት አንድ ሰዓት ፈጀባት። ፀሐይ ሳትጠልቅ ጨርሳ እጇን ታጥባለች። ለምርመራ ወረፋው ግን አሥራ አንድ ሳምንት ነው ተባለ። አሥራ አንድ! ደወለች፣ ጻፈች። እኔም ደወልኩ፤ ለፓርላማ ተወካያችንም በዚህ በማያምር እጄ ጻፍኩ። "ጉዳዩ ተመዝግቧል" ብለው መለሱልኝ። የማኅበሩ ወንዶች ከአጥሩ ጠፉ። ሮስ መሰላሉን እያቆመ ጋቢናው መግባቱን አልተወም፤ እሱን የለካው የለም።

ዳርሲ በየማለዳው ከመኪናዋ አጠገብ በርጩማው ላይ ይቀመጣል። ሬዲዮውን ከፍቶ የውኃውን ወሬ ይሰማል፤ ቆመ፣ ጎደለ፣ ወፎቹ መሄድ ጀመሩ። ስምንተኛው ሳምንት ላይ ይመስለኛል፣ ቁርስ ላይ ሆነን ኮራልን ትክ ብሎ አያት።

"አለቃዬ፣ ጆሮሽን አያለሁ። ፀጉርሽንም አያለሁ። ፊትሽ ግን የለም።"

ኮራል ተነሥታ ወጣች። ከመኪናው ሥር ገባች። የሚሠራ ምንም ነገር አልነበረም።

ቀኑ ሲደርስ መኪናዋን በጭነት መኪና አስጭና ሁለት መቶ ኪሎ ሜትር ወሰደቻት፤ በራሷ ጎማ እንድትሄድ አልተፈቀደላትማ። አብሬያት ነበርኩ። ጣቢያው ውስጥ ያለው ሰው በዙሪያዋ አንዴ ዞረ። ጎንበስ ብሎ አላየም። ሜትር አላወጣም። የፍሪጁን ላስቲክ ነካ ነካ አድርጎ "ጎበዝ" አለና ፈረመ። ሦስት ደቂቃ። እኔ በግድግዳው ሰዓት ቆጥሬያለሁ። ቢጫውን ወረቀት ሲያነሳው ሙጫው መስታወቱ ላይ ቀረ።

በነሐሴ መጀመሪያ ወጣን። ሁለት ቀን ሙሉ የተሰባበረ መንገድ ነው፤ መኪናዋ አንዲት ጊዜ እንኳ አላማረረችም። አቧራ አልገባም፣ ባሌስትራው አልጎበጠም፤ ሁለቱ አውራ ጣት ይበቃት ነበር። በዚያ መንገድ ላይ የሚተላለፉ ሹፌሮች ከመሪው ላይ አንድ ጣት አንሥተው ሰላም ይባባላሉ። ዳርሲ የሚመጣው መኪና አይታየውም፣ መሪውንም አልያዘም፤ ግን የጎማ ድምፅ በሰማ ቁጥር ከጉልበቱ ላይ አንዲት ጣቱን ያነሣል። አንድም አላለፈውም።

ሐይቁ ጎድሎ አገኘነው። ውኃው ከዳሩ ርቆ ሄዷል፤ በመሐሉ ጭቃና ጨው። ፔሊካኖቹ ጥቂት ቀርተዋል። ኮራል ክንዱን ይዛ ጨው ላይ አቆመችው። እሱ ዞረና ለሐይቁ ጎኑን ሰጠው፤ ፊቱን ወደ እኛ።

"ወዲያ ነው ውኃው፣ ዳርሲ። ዙር" አለችው።

"አንቺ ሴት፣ እያየሁ ነው። በዳሩ ነው የማየው።" ብዙ ቆመ። "ብር የመሰለ ነው። ነጫጮቹ የሚንቀሳቀሱት ወፎች ናቸው አይደል?"

"ወፎች ናቸው።"

"ስንት ናቸው?"

ኮራል ቆጠረች። ሠላሳ አይሞሉም። "በሺህ" አለችው።

"ውሸታም" አላት፤ አንገቷን ስቦ ግንባሯን ሳማት።

በግንቦት ቢሆን ፊት ለፊት ያየው ነበር። ሺሁንም ራሱ ይቆጥር ነበር። አንድ አውራ ጣት ነው የከለከለው ይሉኛል፤ እኔ አንድ አውራ ጣት አልልም። አውራ ጣቷ በአንድ ሰዓት ወጥታ ተጥላለች። አሥራ አንዱን ሳምንት የወሰዱት ሰዎች ናቸው። ስም አላቸው፣ ወንበር አላቸው።

ዳርሲ በሦስተኛው ዓመት ሞተ። ኮራል አምና። መኪናዋ እኔ ጓሮ ቆማለች፤ የሙጫው ምልክት አሁንም መስታወቷ ላይ አለ፣ እንዳይፋቅ ብዬአለሁ። ቀብሯ ላይ በአውቶብሷ ያደጉት ሁሉ መጡ፤ አዳራሹ ጠበበ። ዴሚየንም መጣ፤ ፀጉሩ ሸብቷል። ወደ እኔ ቀርቦ እጁን ዘረጋ። "ጥሩ ሴት ነበሩ፣ ወይዘሮ ኢና" አለኝ።

"ይቅርታ፣ እጄ ሻይ ይዟል" አልኩት።

አልያዘም ነበር።