በአተር የተፈታው ራስ ቅል

ስልኩ የጮኸው አጥንቴ የክንድ አጥንቶችን አጥቦ ፎጣ ላይ እያሰጣ ሳለ ነበር። ጸሐፊዋ ናት። የባለ ቀይ ክሩ የአርባ ሰባት ቁጥር ሳጥን ቤተሰብ መጥተዋል፣ እናትየው ናቸው፣ ሳጥኑን ይዘህ ውጣ አለችውና ዘጋች። ለእሷ የዘወትር ሥራ ነው። እሱ ግን የታጠበውን አጥንት መልሶ ውሃ ውስጥ ነከረው። ይህን ስልክ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ሲፈራው ኖሯል።

አጥንቴ ማለት የሕክምና ተማሪዎች ያወጡለት ስም ነው። ትክክለኛ ስሙን የሚያውቁት ሚስቱና የሠራተኛ መዝገቡ ብቻ ናቸው። ኮሌጁ ውስጥ የአጥንት ክፍሉ ጠባቂ ነው፤ ያጥባል፣ ያደርቃል፣ ቁጥር ይጽፋል፣ በየመደርደሪያው ይሰድራል። ሲመጣ ግን አናጢ ነበር። መደርደሪያ ለመጠገን ለሦስት ቀን የተጠራ ሰው ሠላሳ አንድ ዓመት ተቀመጠ።

ያስቀረው የራስ ቅል ነው። በሁለተኛው ቀን አንዱን ከመደርደሪያ ሲያወርድ አናቱ ላይ ያለውን ስፌት አየ። የግንባሩ አጥንትና የሁለቱ ጎኖች አጥንቶች እንደ መጋዝ ጥርስ ተናክሰው፣ ያለ ሚስማር፣ ያለ ማጣበቂያ ገጥመዋል። እሱ ጥርስ ለጥርስ የሚገባ ሳንቃ ለመግጠም ስንት ቀን ይፈጅበታል! «ይህን የገጠመ አናጢ ቤቴን በሠራልኝ» አለ። ያን ጊዜ ገና ወጣት የነበሩት የአናቶሚ መምህር ሰምተውት ሳቁና በዚያው ቀጠሩት።

ዲግሪ የለውም፤ እጁ ግን ያውቃል። ከጀርባው የፈለጋችሁትን አጥንት ብታስይዙት ስሙን፣ ቀኝ ይሁን ግራ፣ ሳያይ ይነግራችኋል። ፈተና ሲደርስ ተማሪው መምህሩን ትቶ ወደ እሱ ይጎርፋል። የራስ ቅል አጥንቶች ሃያ ሁለት ናቸው፣ ስምንቱ የአንጎል ቤት፣ አሥራ አራቱ ፊት ናቸው እያለ በየተራ ያስይዛቸዋል። ከራስ ቅሉ ወለል መሃል ክንፏን የዘረጋችውን ቢራቢሮ መሰል አጥንት ያሳያቸዋል። ከዓይን ጉድጓድ ጥግ ያለችውን፣ የትንሽ ጣት ጥፍር የምታህለውን የእንባ አጥንት ግን ማንም አይነካትም፤ ቢያስነጥሱባት ትሰበራለች። ሰው የሚያለቅሰው በእሷ በኩል ነውና አክብሯት ይላቸዋል። ይህን ሁሉ እያወቀ ነው እንግዲህ ያን ሥራ የሠራው። አለማወቅ ቢሆንማ ምን አለበት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኮሌጁ ሁለት ዓይነት አጥንት አለው። አንደኛው ጠያቂ የሌለው፣ ለዘለቄታው የኮሌጁ የሆነው ነው። ሁለተኛው፣ ሰውዬው በሕይወት ሳለ ሰውነቴን ይማሩበት ብሎ ፈርሞ የሰጠው፣ ትምህርቱ ሲያበቃ ግን ለቤተሰቡ የሚመለሰው ነው። የዚህኛው ሳጥን ቀይ ክር ይታሰርበታል። ቀይ ክር የታሰረበት አይበሳም፣ አይቀባም፣ ለዕይታ አይቀመጥም። ሕጉን በትልልቅ ፊደል ጽፎ በሩ ላይ የለጠፈው ራሱ አጥንቴ ነው።

ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት ከሌሎች ኮሌጆች እንግዶች ሊመጡ ሆነ። መምህሩ አንድ ሥዕል ይዘው መጡ፦ ሃያ ሁለቱም አጥንቶች በየቦታቸው ሆነው፣ ግን አንዱ ከአንዱ አንድ አንድ ጣት ተራርቀው በሽቦ የቆሙበት፣ የተፈታ ራስ ቅል። እንዲህ ያለ ነገር እኛ ዘንድ ማን ይሠራዋል አሉና ቀና ብለው አዩት፤ «አንተ እጀ ወርቅ አይደለህ?» ሰውን በዱላ ከመምታት እጀ ወርቅ ማለት ይብሳል፤ ዱላ ቢያንስ ያስሮጣል።

ራስ ቅል የሚፈታበት ዘዴ ጥንታዊ ነው። ማጅራት ሥር ባለው ትልቁ ቀዳዳ ደረቅ አተር ጢም ብሎ ይሞላል፣ ቀዳዳው ይወተፋል፣ ከዚያ ባልዲ ውሃ ውስጥ ይነከራል። አተሩ ውሃ ጠጥቶ ሲያብጥ ስፌቱን ከውስጥ ይገፋዋል። ግን ራሱ የወጣት መሆን አለበት፤ ሰው ሲያረጅ ስፌቱ ይደፈናል። የኮሌጁ የራስ ቅሎች ደግሞ ወይ በትምህርት ጊዜ አናታቸው በመጋዝ የተከፈተ፣ ወይ የሽማግሌ ነበሩ። ከሽማግሌዎቹ ሁለቱን ሞከረ። አተሩ ያለቦታቸው ሰነጠቃቸው።

አርባ ሰባት ቁጥር የሃያ አራት ዓመት ልጅ ነበር። የደም በሽታ ሲይዘው ራሱ ፈርሞ ነው የሰጠው። አናቱ በመጋዝ አልተነካም። ያልተነካውም ቤተሰቡ ወረቀቱ ላይ «ራሱ እንዳይቆረጥ» ብለው ስላስጻፉ ነው። ልጁን እሺ ያሉት በዚያ ቃል ብቻ ነበር። አጥንቴ ይህን ወረቀት አንብቦታል። ትምህርቱ ካለቀ ሁለት ዓመት ሆኖት ነበር፤ ለቤተሰቡ ደብዳቤ ተልኮ መልስ አልመጣም። ረስተውታል አለ ለራሱ። ደግሞም እኔ አልቆርጠውም አለ፤ መፍታትና መቁረጥ ለየቅል ነው። ሰይጣን አሳሳተኝ ማለት ይቀል ነበር፤ ሰይጣን ግን የአጥንት ክፍሉ ቁልፍ አልነበረውም።

አተሩን ሞላ፣ ነከረው። በማግስቱ ከሰዓት ባልዲው ውስጥ ጧ የሚል ድምፅ ሰማ፣ ቆይቶ ሌላ። ስፌቱ አንድም ጥርስ ሳይሰበር እንደ በር ተከፈተ። እውነቱን እንናገር፣ ደስ አለው። ያን ቀን በዚያ ኮሌጅ ከእሱ የበለጠ ደስተኛ ሰው አልነበረም። በቀጭን መሰርሰሪያ በስቶ፣ ሽቦ አስገብቶ በማስተማሪያ አዳራሹ፣ በመስታወት ክዳን ውስጥ አቆመው። በሳጥኑ ውስጥ ባዶ የቀረው የራስ ቅሉ ቦታ እንዳያሳጣው ደግሞ፣ ጠያቂ የሌለውን የአንድ ሽማግሌ ራስ ቅል ጨመረበትና ቀይ ክሩን መልሶ አሰረ።

እንግዶቹ አደነቁ፣ መምህሩ ኮሩ። ከየት አመጣኸው ብለው ግን አልጠየቁትም፤ አለመጠየቅም ብልሃት ነው። የምስጋና ወረቀት ሰጡት፣ ሚስቱ ሳሎን ሰቀለችለት።

በሦስተኛው ሳምንት አንድ ተማሪ በእርሳሱ ጫፍ ቢራቢሮዋን እያመለከተ፣ ይሄ ሰው ስንት ዓመቱ ነበር ብሎ ጠየቀው። «ያንተ እኩያ» አለው አጥንቴ። ከአፉ ከወጣ በኋላ ሰማው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ነገሩ ውስጥ ውስጡን ይበላው ጀመር። ወደ አዳራሹ በኋላ በር መግባት ለመደ። የምስጋናውን ወረቀት ሚስማሩ ላልቷል ብሎ አወረደው። ቤት ውስጥ አተር ከተሠራ ሆዴን ይነፋኛል ብሎ አይቀምስም፤ ሚስቱ ስንት ጊዜ ሐኪም ቤት ካልሄድን ብላዋለች። በየክረምቱ፣ ተማሪው ሲበተን፣ ዘንድሮስ ፈትቼ ወደ ሳጥኑ እመልሰዋለሁ ይላል። ነገር ግን መስታወቱ የኮሌጁ ኩራት ሆኖ ነበር፤ የት ሄደ ቢሉት ምን ይላል? ሁለት ጊዜ ለመምህሩ ሊናገር ደረጃ ወጥቶ ሁለት ጊዜ ወረደ። መምህሩም ጡረታ ወጡ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ነው፤ እሱም እንደማያውቅ ሆኖ ኖረ።

እንግዲህ አሁን ሳጥኑን አቅፎ እንግዳ መቀበያው ክፍል ገባ። እናትየው ጠና ያሉ፣ ቀጠን ያሉ ሴት ናቸው፤ ቦርሳቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ቀጥ ብለው ተቀምጠዋል። ሲያዩት ተነሡለት። ቤት ስለቀየሩ ደብዳቤው እንዳልደረሳቸው፣ ኋላም ቢሰሙ የልጁ አባት እኔ በሕይወት እያለሁ አጥንቱን አታሳዩኝ ስላሉ እንደቆዩ ነገሩት። አባትየው ባለፈው ወር ዐርፈዋል። ሲያጣጥሩ የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ልጁ አጠገባቸው እንዲቀበር።

ጸሐፊዋ የመረከቢያውን ወረቀት ዘርግታ እስክሪብቶ አቀበለቻቸው። አንድ ፊርማ ብቻ ቀርቷል። እሳቸው ይፈርማሉ፣ እሱ ሳጥኑን እስከ መኪናው ይሸከማል፣ ከዚያ በኋላ የሚያውቅ የለም። አጥንቴ ወለሉን እያየ ይፈርሙ ይሆናል ብሎ ጠበቀ። እናትየው ግን እስክሪብቶውን አስቀመጡና አንድ ጊዜ ብቻ ራሱን በእጃቸው ሊነኩት እንደሚፈልጉ፣ የሚከለክል ደንብ ከሌለ እንዲከፍትላቸው ለመኑት።

ክሩን ፈታ፣ ክዳኑን አነሣ። እናትየው መዳፋቸውን አናቱ ላይ አሳርፈው ዓይናቸውን ጨፈኑ። ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ፤ የቤት ስሙን ይሆናል የሚጠሩት። ቀስ ብለው ከግንባር ወደ ማጅራት ዳበሱት፣ እንደገና ዳበሱት። ቅንድባቸው ተሰበሰበ።

«ትንሽ ጠበበብኝ» አሉ። ከዚያ ፈገግ ለማለት ሞከሩ። «እጄ ነው መቼም። እርጅና ነው፤ እጄ ረስቶት ነው።»

አጥንቴ ሌላውን ሁሉ ይችለው ነበር። ቢጠረጥሩት፣ ቢጠይቁት ይዋሽ ነበር፣ አሥራ አንድ ዓመት ተለማምዶበታል። የገዛ እጃቸውን ሲወቅሱ ግን አልቻለም።

«እጅዎ አልረሳም፣ እናቴ። ይሄ እሱ አይደለም።»

ጸሐፊዋ ሰውዬው አበደ ብላ አፈጠጠችበት። እናትየው እጃቸውን ሳያነሡ ወደ እሱ ዞሩ። ልጄ የታለ ብለው ጠየቁ። ይምጡ አላቸው።

አዳራሹ ውስጥ ሦስት ተማሪዎች መስታወቱን ከበው ይስሉ ነበር። እንዲወጡ ነገራቸውና መስታወቱን አነሣው። እናትየው ቀረብ ብለው ቆሙ። ዓይናቸው ከአንዱ አጥንት ወደ ሌላው ዞረ፤ በመካከላቸው ባለው ባዶ ቦታ የወዲያኛው ግድግዳ ይታያል።

«ሁሉም የእሱ ነው?»

«ሁሉም። ሃያ ሁለቱም።»

«ማነው እንዲህ ያደረገው?»

«እኔ ነኝ።» ከዚያ ሁሉንም ነገራቸው፤ እንግዶቹን፣ ባልዲውን፣ አተሩን፣ የሽማግሌውን ራስ ቅል። ወረቀቱን ማንበቡንም አልደበቀም። መጨረሻ ላይ፣ አሥራ አንድ ዓመት ለራሱ ሲደጋግማት የኖረችው ቃል አመለጠችው፤ «ግን አልቆረጥኩትም።» ጮክ ብላ ስትሰማ ምን ያህል የማያፍር ሰው ቃል እንደሆነች ገባው።

እናትየው ወደ አናቱ ጎንበስ አሉ። ሁለቱ የጎን አጥንቶችና የግንባሩ አጥንት የሚገናኙበትን ቦታ፣ አሁን ባዶ የሆነውን፣ በጣታቸው አመለከቱ። እስካሁን እርስዎ ሲሉት የነበሩት አንተ አሉት።

«እዚህች ላይ እርግብግቢቱ ነበረች። ስትመታ በዓይኔ አያታለሁ። እስክትገጥም ድረስ አንድ ዓመት ከስድስት ወር በመዳፌ ሸፍኜ ነው ያሳደግኩት። አንተ በአንድ ቀን አተር ፈታኸው።»

እናትየው የተማሪ ወንበር ስበው ተቀመጡ። «ግጠመው» አሉት።

ሦስት ቀን ፈጀበት። የወጣው ሽቦ ጠረጴዛው ላይ ተከመረ። ወለሉን ከማጅራቱ ጋር ገጠመ፣ የጆሮዎቹን አጥንቶች፣ የጎኖቹን፣ ግንባሩን አስከተለ፤ ከዚያ ፊቱን። የእንባ አጥንቶቹን በወረንጦ ሲያስገባ ትንፋሹን ያዘ። እናትየው በየማለዳው መጥተው እዚያው ወንበር ላይ ይቀመጣሉ፣ ሲመሽ ይሄዳሉ። ውሃ ቢያቀርብላቸው ይጠጣሉ፣ አያናግሩትም። ምነው በጮኹብኝ ይል ነበር በልቡ። በመካከሉ ለኃላፊዎቹ ያደረገውን ሁሉ በእጁ ጽፎ ሰጠ፤ ውሳኔ እስኪሰጥ ከሥራ ታግደሃል፣ የጀመርከውን ጨርሰህ ቁልፉን አስረክብ አሉት። አልተከራከረም።

ስፌቱ ሲገጥም ጥርሱ ጥርሱን አወቀ። ሽቦው የገባባቸው ቀዳዳዎች ግን ቀሩ፣ ከሃያ በላይ ናቸው። በሰም ልድፈናቸው ብሎ ጠየቀ። «ተወው፤ የሆነው ይታይ» አሉ። ስለ ሽማግሌውም ጠየቁት፤ ማንም እንደሌለው ሲነግራቸው ወደ ቦታው እንዲመልሰው፣ በሌላ ሰው ሳጥን ውስጥ መተኛት ለእሱም ግፍ እንደሆነ ነገሩት። ከዚያ የልጃቸውን ራስ በሁለት እጃቸው ይዘው አናቱን ዳበሱ። በዚህኛው ቅንድባቸው አልተሰበሰበም።

ሳጥኑን እስከ መኪናው ተሸከመላቸው። በሩን ከመዝጋቱ በፊት ይቅርታ ለመነ። እናትየው ሳጥኑን ጉልበታቸው ላይ አስተካክለው አዩት።

«ልጄን ከሰጠሁ አሥራ አራት ዓመቴ ነው» አሉ። «በየጠዋቱ ስነሣ፣ ልጄ የወደቀበትን እጅ ፈጣሪ ይባርከው ስል ኖሬያለሁ። ማን እንደሆነ አላውቅም ነበር። አሁን አወቅሁ። የወጣ ምርቃት አይመለስም፣ ያንተ ነው። ከእንግዲህ ግን አልጨምርልህም።»

መኪናው ሄደ። አጥንቴ በሩ ላይ ቆሞ ቀረ። ቢረግሙት ይሻለው ነበር፤ እርግማን ይገባኛል ብሎ ተቀብሎት ይኖር ነበር። ይኸ ሁሉ ጠዋት ሲመረቅ መኖሩን ግን የሚያስቀምጥበት ቦታ አጣ።