የቃለ አብ ድንጋይ

ጎረቤቴ ቃለ አብ ሰው አያምንም። እህል ሲመዘንለት ሚዛኑን ገልብጦ ያያል፤ ቄሱ ሲያሳርጉ እንኳ አንድ ዓይኑን ከፍቶ ነው። አመሉ የጀመረው ከብዙ ዓመት በፊት ጫጫ ገበያ ላይ ነው። የገዛው ቅቤ ዳር ዳሩ ቅቤ፣ ውስጡ የተቀቀለ ድንች ሆኖ ተገኘ። እባብ ያየ በልጥ በረየ፤ ከዚያ ወዲህ እስከ ውስጡ ያልበረበረውን ነገር ቤቱ አያስገባም። ሚስቱ አልታየች «ታዲያ እኔን እንዴት አገባኸኝ?» ስትለው፣ «ከቅቤው በፊት ነው» ይላታል።

አምና ክረምት ከአንኮበር በታች ባለው ማሳው ላይ ናዳ ወረደ። ከናዳው ውስጥ የዶሮ እንቁላል የምታህል ድንጋይ አገኘ። ወደ ፀሐይ ሲያዞራት ቀይና አረንጓዴ ብልጭ ትላለች። አልታየች ድንጋይዋን እንዳየች ቀና ብላ ጣራውን አየች። ጣራው ሳር ነው፤ ክረምቱን የምታሳልፈው አልጋዋን ከጥግ ወደ ጥግ ስትገፋ ነው። ከመሞቷ በፊት የምትመኘው አንድ ነገር ቆርቆሮ ነው።

እኔና እሱ አሊዩ አምባ ወርደን ለድንጋይ ነጋዴው ለዓወል አሳየነው። ዓወል ወደ ብርሃን አንስቶ አገላበጣት።

«ወላሂ፣ የከበረች ኦፓል ናት። ቤትህን ቆርቆሮ ታለብስልሃለች» አለ።

ስንመለስ ቃለ አብ ራሱን ነቀነቀ። «ነጋዴ ሊገዛው ያሰበውን ዕቃ አያመሰግንም። ነገር አለው።»

«አንተስ በዓይንህ አይተሃት የለ?»

«ዓይንም ይሳሳታል። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ።»

ደብረ ብርሃን፣ የሲሚንቶ ጥሬ ዕቃና የሸክላ አፈር ወደሚመረመርበት ቤተ ሙከራ ወሰድናት። ባለሙያዋ ፋና የምትባል ልጅ ናት። መሣሪያዋ በኤክስሬይ እያየች ድንጋይ ከምን እንደተሠራ ትናገራለች። ፋና እንደነገረችን፣ ድሮ እንዲህ ያለው መሣሪያ ለብቻው ክፍልና የማቀዝቀዣ ውሃ ይፈልግ ነበር፤ ይህቺ ግን ጠረጴዛ ላይ ተቀምጣ፣ ከተራ ሶኬት እየሳበች፣ በግማሽ ሰዓት መልስ ትሰጣለች። ቃለ አብ ወዲያው ወደዳት። ገበያ የማትወጣ ፍጥረት ሲያይ የመጀመሪያው ነው።

«የምትቀበለው ግን ዱቄት ነው» አለች ፋና። «ከጥጓ ትንሽ ልፋቅልዎት፤ ቁንጥር ይበቃል።»

«ጥጓ እውነት ሆኖ መሐሏ ውሸት ቢሆንስ?»

«አባቴ፣ ድንጋይ እኮ ናት!»

«ቅቤውም ቅቤ ነበር፣ ልጄ።»

ሙሉዋ ትወቀጥ ቢላት ፋና እንቢ አለች። እኔም ሚስትህን አስብ አልሁት። «ለእሷው ብዬ ነው» አለ፤ የሚያናድደው እውነቱን መሆኑ ነው። ፋና ፊርማ የሚፈረምበትን ቅጽ ልታመጣ ዞር እንዳለች ጠረጴዛው ላይ የነበረውን የብረት ሙቀጫ ስቦ ድንጋይዋን ከተተ። እጁን ስይዘው ገፈተረኝ። በመጀመሪያው ምት ድንጋይዋ ከአራት ተከፈለች። ከዚያ ወዲያማ ማን ይገዛታል ብሎ፣ ልጅቷ እየጮኸችበት ወቅጦ ወቅጦ ጨረሰ።

ፋና እየተቆጣች መረመረችለት። «ኦፓል ናት» አለች። «ከዳር እስከ ዳር።»

የቃለ አብ ፊት በራ። «የከበረችዋ?»

«እሱን መሣሪያዋ አትለይም። ቀለም የሌላት ተራዋም ስትፈጭ ያው ናት። የከበረችዋ ሳትሰበር፣ ብርሃን ላይ፣ በዓይን ነው የምትታየው።»

እዚያው ደብረ ብርሃን አደርን። በማግስቱ ቤቱን በጎን አልፎ፣ ዱቄቱን በፌስታል፣ የምርመራውን ወረቀት በኪሱ ይዞ፣ ቀጥታ አሊዩ አምባ ወረደ። ተከተልሁት። ዓወል ፌስታሉን ከፍቶ አየና ዱቄቱን በጣቶቹ መሐል አሸት አደረገ።

«የከበረች ነበረች?» አለው ቃለ አብ።

«ነግሬህ ነበር እኮ፣ ወንድሜ።»

«ድገምልኝ።»

«የከበረች ነበረች።»

«አመንኩህ» አለ። በሠላሳ ዓመት ጉርብትናችን ይህን ቃል ከአፉ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው።

ዓወል ተገረመ። «አሁን ምን ተገኘና?»

«አሁን ከእኔ የምትገዛው ነገር የለም።»

ዳገቱን ስንወጣ ካፊያው ጀመረ። አልታየች ነጠላዋን ተከናንባ ደጅ ቆማ ትጠብቃለች።

«ምን አሉ?» አለችው።

ቃለ አብ ወረቀቱን ከኪሱ አወጣ። «እውነተኛ ናት» አላት።

አልታየች እልል አለች። እኔ ዝናቡን አሳብቤ ወደ ቤቴ ሮጥሁ።